የጉድጓዱ ዳኛ ማን ነው? ከዳላስ እስከ ኒው ሜክሲኮ ድንበር

«ልጄ፣ ከጋዝ ምንጭ ላይ ተቀምጠን በብርድ ልናልቅ ነበር!»

ይህን ያጫወቱኝ በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ያገራችን ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው እኒህ ሰው ብዙ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ዛሬ በጡረታ ላይ ይገኛሉ። እቤታቸው በደረስሁበት ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ነገሩ ዞሮ ዞሮ በፌብሩዋሪ 2021 ወደ ወረደው የበረዶ ማዕበል መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ሳምንት መብራት ጠፋ፤ የቤት ማሞቂያው ቆመ፤ ውሃው በቧንቧው ውስጥ እንዳለ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ሰነጠቀው። ጋሼም ከነቤተ ሰባቸው፣ አምስት ነፍስ በአንድ ክፍል ተሰብስበው፣ ከአገር ቤት የመጣላቸውን ጋቢ ሁሉ ደራርበው ሦስት ሌሊት አነጉ።

ችግሩ የርሳቸው ቤት ብቻ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ከአራት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ቤቶችና የንግድ ቦታዎች በጨለማ ተቀምጠዋል፤ የግዛቲቱ መንግሥት በቆጠረው መሠረት 246 ሰዎች ሞተዋል። ይህም ሲሆን ቴክሳስ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የበለጠ ነዳጅ ዘይትና የበለጠ የተፈጥሮ ጋዝ የምታወጣ ናት። ከመብራቷም ትልቁ ድርሻ የሚመነጨው ከዚሁ ጋዝ ነው። ባለ ጎተራው ተራበ እንደ ማለት ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዱ የኦስቲን ነው ይላል፤ ሌላው የዋሽንግተን ነው ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ለሁለቱም ግብር ስከፍል ኖሬ ዳኛው የቱ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም» አሉኝ።

ኦስቲን የቴክሳስ መንግሥት መቀመጫ ናት፤ ዋሽንግተን የመላው አሜሪካ ዋና ከተማ ናት። አሜሪካ የፌዴራል አገር እንደ መሆኗ መጠን አንዱ ዜጋ በሁለት መንግሥት ጥላ ሥር ይኖራል። ትምህርት ቤቱን፣ ፖሊሱንና የመንደሩን መንገድ ይበልጡን የሚያስተዳድረው ግዛቱ ነው፤ የጦር ሠራዊቱንና ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረው ፌዴራሉ መንግሥት ነው። የነዳጅ ነገር ግን ከሁለቱም ጋር ይነካካል። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በአንዱ ግዛት መሬት ላይ ነው፤ ከጉድጓዱ የወጣው ዘይትና ጋዝ ግን ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል። እንግዲህ የጉድጓዱ ዳኛ ማን ነው? ይህን ጥያቄ በመንገድ ላይ ልፈልገው ብዬ በማግሥቱ ጋሼን «መንገድ ምሩኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም አላሳፈሩኝም።

በጥድ ጫካ ውስጥ የቆሙ ማማዎች

ከዳላስ ወደ ምሥራቅ ሁለት መቶ ኪሎሜትር ያህል ስንጓዝ ገላጣው ሜዳ ቀስ በቀስ አልቆ በቀኝም በግራም ረጃጅም ጥድ ተተካ። ወዲያው ደግሞ ከጥዶቹ መካከል የብረት ማማዎች ብቅ ብቅ አሉ። ኪልጎር ደረስን ማለት ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት በዚህች ትንሽ ከተማ ውስጥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የመቆፈሪያ ማማዎች ቆመው ነበር። በመሐል ከተማዋ አንዲት ቁራሽ ቦታ ላይ ብቻ 24 ጉድጓዶች ስለ ተቆፈሩባት «በዓለም የበለጸገችው ቁራሽ መሬት» የሚል ስም ወጥቶላታል። ዛሬ እዚያ የሚታዩት ማማዎች ለመታሰቢያ የቆሙ ናቸው፤ በገና ሰሞን በጫፍ በጫፋቸው የኮከብ መብራት ይበራባቸዋል።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኮሎምበስ ማሪዮን ጆይነር የተባሉ የሰባ ዓመት ሰው፣ ብዙ አዋቂዎች «ዘይት የለበትም» ባሉት ስፍራ ሁለት ጊዜ ቆፍረው ሳይሳካላቸው ቀርቶ፣ በሦስተኛው ጉድጓድ በኦክቶበር 1930 ዘይት አገኙ። ቀስ በቀስም ሲታወቅ ከመሬት በታች የተኛው ዘይት ሰባ ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ምድር ይህን የሚያህል አልታየም ነበር።

ከማማዎቹ ሥር ቆመን ሳለ ጋሼ ሕጉን በራሳቸው ምሳሌ አስረዱኝ። «ያን ጊዜ የነበረው ሕግ፣ ካንድ ጋን ጠላ ብዙ ሰው በየመቃው እንደሚጠጣ ያለ ነው። ጋኑ የሁሉም ነው፤ ፈጥኖ የመጠጠ ግን ያተርፋል፤ የዘገየው አተላ ይደርሰዋል» አሉ።

በእርግጥም እንዲሁ ነበር። በአሜሪካ የመሬት ባለቤት ከመሬቱ በታች ላለው ማዕድን ጭምር ባለቤት ሊሆን ይችላል። ዘይት ግን በአጥር አይታገድም፤ ጉድጓድ ወደ ተቆፈረበት ይስባል። ፍርድ ቤቶችም ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምረው «ከጉድጓዱ ያወጣ ሰው ባለ ንብረቱ እሱ ነው፤ ከጎረቤቱ ሥር ቢመጣም አይጠየቅም» ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ጎረቤትህ ከቆፈረ አንተም ከመቆፈር በቀር ምርጫ የለህም። በኪልጎር ከቤት ጓሮና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳይቀር ሁሉም ይቆፍር ጀመር። ውጤቱ ሁለት ጥፋት ሆነ። የመጀመሪያው፣ ዘይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ከጎኑ ያለው የውሃ ግፊት ስለ ሆነ፣ በችኮላ ሲመጠጥ ውሃው ቀድሞ እየገባ ብዙው ዘይት ለዘለዓለም ከድንጋዩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ሁለተኛው፣ አንድ ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው በርሜል በ1931 እስከ አሥር ሳንቲም ወረደ። አንድ በርሜል 159 ሊትር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

በቴክሳስ የነዳጅ ጉዳይ የተሰጠው ለባቡር ሐዲድ ኮሚሽን ነበር። ኮሚሽኑ በ1891 የተቋቋመው የባቡር ዋጋ ለመቆጣጠር ሲሆን፣ በ1917 የዘይት ቧንቧው፣ በ1919 ደግሞ የዘይቱ ጥበቃ ተጨመረለት። ኮሚሽኑ «እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀን ይህን ያህል ብቻ ያውጣ» ብሎ ድርሻ ቢደለድልም የሚሰማው ጠፋ፤ ፍርድ ቤትም ትእዛዙን አፈረሰበት። በኦገስት 1931 አገረ ገዥው ሮስ ስተርሊንግ የጦር ሕግ አውጀው ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች ሰደዱ። ወታደሮቹ በጭቃው ላይ በፈረስ እየዞሩ ጉድጓዶቹን ዘጉ። ነገር ግን አገረ ገዥው ራሳቸው ቀድሞ ከትልልቆቹ የዘይት ኩባንያዎች የአንዱ መሥራች ነበሩና ትንንሾቹ ባለ ጉድጓዶች «ይህ ለትልልቆቹ የተደረገ ነው» ብለው አጉረመረሙ። በ1932 የዋሽንግተኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አገረ ገዥው በጦር ሕግ ለመግዛት የሚያበቃ ምክንያት አልነበራቸውም ብሎ ፈረደ።

ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚጫን «ትኩስ ዘይት» የሚባል ነገር መጣ። ትኩስ የተባለው ከተፈቀደው ድርሻ በላይ የወጣ፣ ማለትም የኮንትሮባንድ ዘይት ስለ ሆነ ነው። የቴክሳስ ዘበኛ ሊይዘው ሲል የድንበሩን መስመር ያልፋል፤ ካለፈ ደግሞ የቴክሳስ ሕግ አይደርስበትም። በዋሽንግተን የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ «ጉዳዩን ለፌዴራሉ ስጡ» ይሉ ነበር፤ የቴክሳስ ሰዎች ደግሞ «ጉድጓዳችንን ከዋሽንግተን ሆኖ ማን ያውቀዋል?» ይሉ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው በፌብሩዋሪ 1935 ነው፤ ስሙም ሐሳቡን ባቀረቡት የቴክሳስ ሴናተር በቶም ኮናሊ ተጠራ። ሕጉ አጭር ነው። ምን ያህል እንደሚወጣ ዋሽንግተን አይወስንም፤ እሱን ግዛቱ ይወስናል። ነገር ግን የግዛቱን ሕግ ጥሶ የወጣ ዘይት የግዛቱን ድንበር እንዳይሻገር ዋሽንግተን ይከለክላል። አንዱ ጉድጓዱን ይለካል፤ ሌላው በሩን ይጠብቃል። በዚያው ወር ዘይት ያላቸው ግዛቶች እዚያው ዳላስ ላይ ተሰብስበው ዘይት እንዳይባክን የሚያደርግ ቃል ኪዳን ተፈራረሙ፤ የዋሽንግተኑ ምክር ቤትም አጸደቀላቸው። ትኩሱ ዘይት ቀስ በቀስ በረደ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «የመጀመሪያው መልስ ኪልጎር ላይ ተገኘ» ብዬ ጻፍሁ። ደስታዬ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

ሽታ ያልነበረው ጋዝ

ከኪልጎር ወደ ደቡብ ጥቂት ስንነዳ ኒው ለንደን የምትባል መንደር አለች። በመንገዱ መካከል ከድንጋይ የተሠራ ረጅም ሐውልት ቆሟል፤ ከፊቱ ትምህርት ቤት አለ። ጋሼ መኪናውን አቁመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በዚህ ቦታ የነበረው ትምህርት ቤት ከዘይቱ በሚገኘው ግብር የተሠራ፣ በዘመኑ በጣም ከበለጸጉት የገጠር ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ በ1937 መጀመሪያ አስተዳዳሪዎቹ ወጪ ለመቀነስ ሲሉ በገንዘብ የሚገዙትን ጋዝ ትተው በአጠገቡ ከሚያልፍ የትርፍ ጋዝ ቧንቧ ላይ ቀጥለው ይጠቀሙ ጀመር። ያን ጊዜ ትርፍ ጋዝ እንደ ቆሻሻ ስለሚቆጠር በአካባቢው ብዙ ቤቶች እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጋዙ እየሾለከ ከወለሉ በታች ተጠራቀመ። የተፈጥሮ ጋዝ በባሕርዩ ሽታ የለውምና ማንም አላወቀም። ማርች 18 ቀን 1937 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሊሄዱ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀራቸው፣ በእጅ ሥራ ክፍል ከነበረ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የእሳት ፍንጣሪ ተነሣ። ሕንፃው ከመሠረቱ ተነሥቶ ወደቀ። ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። አባቶች ከየጉድጓዱ ሥራቸውን ጥለው እየሮጡ መጥተው ፍርስራሹን በእጃቸው ቆፈሩ።

በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ስሞች አንብበን ስንጨርስ ጋሼ ቀስ ብለው «ይኸ ጉዳይ የማን ነበር?» አሉ።

የማንም አልነበረም። ኮሚሽኑ በርሜል ይቆጥር ነበር፤ ዋሽንግተን ድንበር ይጠብቅ ነበር። ከቧንቧ ወደ ትምህርት ቤት ወለል የገባው ጋዝ መዝገብ ግን በማንም ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምናገላብጥ ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባናል። ሁለት ባለ ሥልጣን ስለ አንድ ነገር ሲጣላ ጩኸቱ ይሰማል፤ ሁለቱም የተዉት ነገር ግን እስኪፈነዳ ድረስ ድምፅ የለውም።

ከዚያ ኀዘን በኋላ ቴክሳስ ወዲያውኑ «ጋዝ ሁሉ የሚከረፋ ሽታ ይጨመርበት» ብላ ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። በ1968 ደግሞ ዋሽንግተን የጋዝ ቧንቧ ደኅንነት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ዝቅተኛውን ልክ የሚወስነው ፌዴራሉ ነው፤ በግዛቱ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ግን ግዛቱ ተፈቅዶለት በራሱ መርማሪዎች ይቆጣጠራል፤ ከፈለገም ከፌዴራሉ የጠበቀ ደንብ ያወጣል። በአዲስ አበባ ወጥ ቤት ውስጥ የጋዙ ሲሊንደር ሲሾልክ አፍንጫ የሚመታው መጥፎ ሽታ ለዚሁ ዓላማ የሚጨመር ነው። አንዲት መንደር በልጆቿ ደም የተማረችውን ትምህርት ዓለም በአፍንጫው ያውቀዋል።

ከዋሽንግተን የሚረዝመው ጣራ

ከኒው ለንደን ጋሼ ወደ ዳላስ ተመለሱ፤ እኔም በአውቶቡስ ወደ ኦስቲን ወረድሁ። የቴክሳስ ምክር ቤት ሕንፃ ከቀላ ግራናይት ድንጋይ የተሠራ ነው። በ1888 ሲያልቅ ከዋሽንግተኑ ምክር ቤት በጥቂት ሜትር እንዲረዝም ሆኖ ተሠርቷል። የቴክሳስን ጠባይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያሻውም።

ከሕንፃው ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተራመድሁ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን መሥሪያ ቤት ደረስሁ። ኮሚሽኑ ከ2005 ጀምሮ ከባቡር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀርቷል። በሕዝብ ድምፅ ለስድስት ለስድስት ዓመት የሚመረጡ ሦስት ኮሚሽነሮች አሉት። ብዙ የቴክሳስ ሰው የኮሚሽኑን ስም ሰምቶ ስለ ባቡር ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ እነዚህ ሦስት ሰዎች በየወሩ ተሰብስበው የሚደለድሉት ድርሻ የዓለምን የዘይት ዋጋ ያንቀሳቅስ ነበር። የቬኔዙዌላው ሁዋን ፓብሎ ፔሬዝ አልፎንሶ በስደት ዋሽንግተን በተቀመጡበት ጊዜ የዚህን ኮሚሽን አሠራር አጥንተው ነበር። በ1960 በባግዳድ ኦፔክ የተባለው ማኅበር ሲመሠረት ከዋናዎቹ መሥራቾች አንዱ እርሳቸው ናቸው። በ1972 የአሜሪካ ፍላጎት ስለ በዛ ኮሚሽኑ «ሁሉም የቻለውን ያውጣ» አለ። ከዚያ ወዲህ የዓለም የዘይት ሚዛን ከኦስቲን ወደ ሌላ እጅ አለፈ።

እስከዚህ ድረስ ያየሁት ግዛቲቱን የሚያስመሰግን ነው። ፌዴራሉ ከመጠን በላይ የገባበትን ታሪክ ደግሞ አንባቢ ይስማ። በ1938 የወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ሕግ ድንበር ተሻግሮ የሚሄደውን ጋዝ ለፌዴራሉ ኮሚሽን ሰጠ። በ1954 የዊስኮንሲን ግዛት ፊሊፕስ ከተባለው ኩባንያ ጋር በተሟገተበት ነገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ወደ ሌላ ግዛት የሚሄደው ጋዝ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ዋጋ ሳይቀር በዋሽንግተን ይወሰን ብሎ ፈረደ። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ለሚሸጠው ግን ገደብ አልነበረውም። ስለዚህ አንዱ ጋዝ ሁለት ዋጋ ሆነ። የወሰኑት ባለ ሥልጣኖች ለድኻው ማሰባቸው ነበር፤ ነጋዴው ግን ርካሽ በሆነበት ወደ ሰሜን ከመላክ ይልቅ ውድ በሆነበት እዚያው ቴክሳስ ሸጠው። በ1976 እና በ1977 መካከል ባለፈው ክረምት በሰሜኑ አገር በኦሃዮና በሌሎችም ግዛቶች ጋዝ ጠፍቶ ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ተዘጉ። በፌብሩዋሪ 1977 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ፈረሙ። በ1978 የወጣው ሕግ ሁለቱን ገበያ ያቀራርብ ጀመር፤ በ1989 በወጣው ሕግም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይደረግ የነበረው የዋጋ ቁጥጥር በ1993 መጀመሪያ ፈጽሞ ቀረ።

አሁን ወደ ጋሼ ጋቢ እንመለስ። ከቴክሳስ መብራት ዘጠና በመቶ ያህሉ የሚሄደው በግዛቲቱ ውስጥ ተወስኖ በሚቀር መረብ ነው። ይህም በአጋጣሚ አልሆነም፤ ሽቦው ድንበር ካልተሻገረ የፌዴራሉ ኮሚሽን በአብዛኛው ሥልጣን አይኖረውም። በ2011 እንደዚሁ ያለ ብርድ በደረሰ ጊዜ የፌዴራል መርማሪዎች መጥተው ጉድጓዱንም የመብራት ጣቢያውንም ለብርድ አዘጋጁ ብለው ጽፈው ነበር። ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረምና ብዙው ሳይፈጸም ቀረ። በ2021 ብርዱ ሲመጣ ጉድጓዶቹ በረዶ ሆኑ፤ ጋዝ ስላነሰ መብራት ጣቢያዎቹ ቆሙ፤ መብራት ሲቆረጥ ደግሞ ጋዙን የሚገፉት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ቆሙና ጋዙ ይብሱን አነሰ። ከባለ ሞተሮቹ ብዙዎቹ «የእኛ መብራት አይቆረጥ» ብለው በመዝገብ እንኳ አልተመዘገቡም ነበር። ከጎረቤት ግዛት መብራት የሚያስመጣው በር ጠባብ ስለ ነበር ርዳታ በበቂ አልደረሰም። በምዕራብ ጫፍ ያለችው ኤል ፓሶ ከተማ ግን በሌላ፣ ድንበር ተሻጋሪ በሆነ መረብ ላይ ስላለችና ከ2011 ወዲህ ለብርድ ተዘጋጅታ ስለ ነበር ብዙም ጉዳት አላገኛትም። ከዚህ በኋላ በዚያው ዓመት የቴክሳስ ምክር ቤት ለብርድ መዘጋጀትን የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

እንግዲህ በ1977 ኦሃዮን ያስራበው የፌዴራሉ ከልክ ያለፈ እጅ ነው፤ በ2021 ቴክሳስን ካጨለሙት ምክንያቶች አንዱ ብቻዬን እቆማለሁ ማለቷ ነው። ብርዱ ለሁለቱም አላዳላም።

አንድ ሰዓት ወደ ኋላ

በኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጥግ አንድ አሮጌ የመቆፈሪያ መሣሪያ ለመታሰቢያ ቆሟል። ስሙ ሳንታ ሪታ ይባላል። በ1876 ሕገ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው መሬት በምዕራብ ቴክሳስ የሚገኝ ውሃ የሌለው በረሃ ስለ ነበር ከከብት ግጦሽ በቀር ብዙ ጥቅም አይሰጥም ነበር። በሜይ 1923 ግን ሳንታ ሪታ ከዚያ መሬት ዘይት አፈለቀ። ከዚያ ወዲህ የዘይቱ ገቢ በቋሚ ገንዘብነት እየተቀመጠ፣ ትርፉ ሕንፃ ይሠራል፤ ትምህርት ያስተምራል። እኔም ከመሣሪያው ሥር ተቀምጠው የሚያነቡትን ተማሪዎች አይቼ ወደ ምንጩ ለመሄድ ተነሣሁ።

በሚድላንድ ከተማ ዙሪያ ያለው ሜዳ ከአድማስ እስከ አድማስ ጠፍጣፋ ነው። በያለበት የብረት ፓምፖች እንደ ፈረስ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይሠራሉ፤ በሌሊት የሚቃጠለው ትርፍ ጋዝ ሰማዩን ያቀላዋል። ከአሜሪካ ድፍድፍ ዘይት ግማሽ የሚጠጋው የሚወጣው ፐርሚያን ከሚባለው ከዚህ አገር ነው። ከሚድላንድ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድቼ የኒው ሜክሲኮን ድንበር ተሻገርሁ። ሜዳው ያው ነው፤ ፓምፑ ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይም ያው ነው። የተለወጠው ሰዓቴ ነው፤ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ከሰዓቱም ጋር ሕጉ ተለወጠ።

ቴክሳስ በ1845 ከአሜሪካ ጋር ስትዋሐድ ነጻ አገር ስለ ነበረች ባዶ መሬቷን ለራሷ አስቀርታለች፤ ስለዚህ በቴክሳስ የፌዴራል መሬት እምብዛም የለም። በኒው ሜክሲኮ ግን ከመሬቱ ሲሶ ያህሉ የፌዴራል ነው። እዚያ መቆፈር የፈለገ ኩባንያ ከዋሽንግተን መሬት አስተዳደር ቢሮ ፈቃድ ይለምናል። ከዘይቱ የሚገኘው የመንግሥት ድርሻ ደግሞ በ1920 በወጣው ሕግ መሠረት ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ለግዛቲቱ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ይሠራበታል። ባለ መሬቱ ዋሽንግተን ቢሆንም አቧራውን የሚቀበለው፣ መንገዱ የሚፈርስበት የአገሬው ሕዝብ ነውና። ግዛቲቱም በበኩሏ ሕግ ታወጣለች፤ በ2021 ባወጣችው ደንብ በ2026 መጨረሻ ኩባንያዎቹ ከሚያወጡት ጋዝ 98 በመቶውን እንዲሰበስቡ አዝዛለች።

የቴክሳስ ሰው ይህን «ሁለት ጌታ» ይለዋል። እኔ ግን ሁለቱን አገር በእግሬ ካየሁ በኋላ ጥያቄዬ ራሱ ጎደሎ እንደ ነበረ ተረዳሁ። «ዳኛው ማን ነው?» ከማለት «ጉዳቱ እስከ የት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጉድጓዱን የሚያውቀው በአጠገቡ ያለ ነው፤ ስለዚህ መለኪያው በእሱ እጅ ይሁን። ድንበር የሚሻገረውን የሚያየው ከላይ ያለ ነው፤ ስለዚህ በሩ በእሱ እጅ ይሁን። ሁለቱም የማያዩት እንደ ኒው ለንደኑ ጋዝ ያለ ነገር ሲኖር ደግሞ የማን እንደ ሆነ ሳይፈነዳ በጽሑፍ ይወሰን።

ይህ ነገር ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በኦጋዴን የካሉብን ጋዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ቴኔኮ የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ በሂዩስተን ነበር። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 51 ስለ መሬትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት፣ በአንቀጽ 52 በዚያ ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ሥልጣን ለክልሎች ይሰጣል። በአንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘው ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ የጋራ ይሁን ይላል፤ አከፋፈሉን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቃሉ ተጽፏል። ቃሉን ሥራ ላይ የሚያውለው ግን በጉድጓዱ አፍ ላይ መለኪያ ይዞ የሚቆመው፣ በዋና ከተማው ደግሞ መዝገቡን የሚያነበው ወጣት ሠራተኛ ነው። ሁለቱ የማይተዋወቁ ከሆነ አንቀጹ ብቻውን አያሞቅም።

ዳላስ ስመለስ ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «እህስ፣ ዳኛውን አገኘኸው?» አሉኝ።

«ሁለት ናቸው ጋሼ» አልኋቸው። «ችግሩ ሁለት መሆናቸው አይደለም፤ ያልተነጋገሩ ጊዜ ነው።»

ጋሼ ሳቁ። «ያገራችን ሰው ይህን ከነዳጅ በፊት ያውቀዋል» አሉ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል። ግን ልጄ፣ ሁለቱንም ባላ ሳትነቀንቅ አትንጠልጠል!» ካሉኝ በኋላ ያን የየካቲቱን ጋቢ አምጥተው በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ቡናውም ሁለተኛ ተፈላ።